መጀመሪያ መጽሐፉ፣ ከዚያ ክሩ፦ ለልጅ ሹራብና ተረት አጣምሮ መስጠት

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ እኔ ክር አወጣለሁ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጥላል፣ ልጆች ከበረንዳ ወደ ቤት ይገባሉ፣ አንዳንዴም መብራት ይሄዳል። በዚህ ወቅት የምሠራው ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። ለእህቴ ልጆች፣ ለጎረቤት ልጆች፣ ለአራስ ጓደኛዬ ሕፃን። ስጦታዬም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ የተረት መጽሐፍ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ የወጣ አንድ የእጅ ሥራ።

«ከመጽሐፉ ውስጥ የወጣ» ያልኩት አውቄ ነው። መጀመሪያ ላይ ይሄን አላወቅኩም ነበር። ለእህቴ ትልቁ ልጅ ልደት ቢጫ ሹራብ ሠራሁለት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ልደቱ ነገ ሊሆን ዛሬ «መጽሐፍም ልጨምርለት» ብዬ ወጣሁና ያገኘሁትን ገዛሁ። ስለ ዝሆን የሚያወራ ነበር። ሹራቡ ቁም ሳጥን ገባ፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። ግን አይተዋወቁም።

በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን ገለበጥኩት። መጀመሪያ መጽሐፍ መረጥኩ፤ አያ ጅቦ አህያዋን ልብላ ሲል የሚታለልበት። ከዚያ ሁለት ጆሮ ያለው ግራጫ ኮፍያ ሠራሁ። ልጁ ኮፍያውን አጠለቀና ተረቱን ለእኔ መልሶ ነገረኝ። አህያዋን አስመለጣት፣ ጅቡን አስለቀሰው፣ መጨረሻውን እንደፈለገው ቀየረው። ማንበብ ገና አይችልም ነበር። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ የእጅ ሥራው ልጁ ተረቱን መልሶ የሚያወራበት ዕቃ መሆን አለበት። ለማማር ብቻ ከተሠራ ከመጽሐፉ ጋር አይጣመርም።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። ሹራብ በሁለት መርፌ ብትሠሩም ኪሮሽ ብትሠሩም ያገለግላል።

1. ስለ ልጁ ሦስት ነገር ጠይቁ

ዕድሜው ስንት ነው? ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ያወራል? ማን ነው የሚያነብለት?

ሁለተኛውና ሦስተኛው እኛ ጋ በጣም ወሳኝ ናቸው። ጅማ ውስጥ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ቢሰማ አይገርምም። ልጁ ከአያቱ ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከእናቱ ጋር በአማርኛ ሊያወራ ይችላል። ታዲያ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ የሚጻፈው በቁቤ ነው። አያትየው ቋንቋውን አሳምረው ይችሉት ይሆናል፣ ቁቤ ግን ላያነቡ ይችላሉ። ቁቤውን የምታነበው አራተኛ ክፍል ያለችው እህቱ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ከሆነ መጽሐፉን ስትሰጡ ለእህቱም «አንቺ ነሽ የምታነቢለት» በሏት። ኃላፊነት ሲሰጣት ደስ ይላታል፣ ታነባለችም።

ቤት ውስጥ የሚያነብ ሰው ከሌለ ሥዕሉ የበዛ፣ ጽሑፉ ያነሰ መጽሐፍ ፈልጉ። ሥዕሉን እያዩ መተረክ ይቻላል። ያደግነውም በቃል ተረት ነው።

2. መጽሐፉን ምረጡ፣ ከዚያ ለብቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። በዓይን ሲነበብ የሚያምር መጽሐፍ በአፍ ሲነበብ ሊጎረብጥ ይችላል። ቤት ቁጭ ብላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ ከተሰናከለ የአባትየውም ምላስ ይሰናከላል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ከሆነ ንባቡ አሥር ደቂቃ ካለፈ በዛ፤ ልጁ ተነስቶ ይሄዳል።

እኔ በተለይ የምፈልገው የሚደጋገም ነገር ያለበትን ነው። እመት ጦጢት በየገጹ አንድ ዓይነት ዘፈን ብትዘፍን፣ ጅቡ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ቢመለስ ጥሩ ነው። ልጅ የሚይዘው የሚደጋገመውን ነው። እናንተም የምትሠሩት ዕቃ በየተደጋገመበት ቦታ ብቅ ማለት ይችላል።

ስትገዙ መጽሐፉን ከፈት አድርጋችሁ መሃሉን እዩት። በሽቦ ብቻ የተያያዘ ስስ መጽሐፍ በትንሽ ልጅ እጅ ቶሎ ይበተናል። ጥራዙ ደካማ ሆኖ ታሪኩ ካማራችሁ ግዙትና ጀርባውን በሰፊ ፕላስተር አጠናክሩት። መጽሐፍ ቤት የምትፈልጉትን ካጣችሁ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የሥዕል ታሪኮች በነፃ አሉ። አውርዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ፣ በክር መስፋት ይቻላል። ጥቁርና ነጭ ከታተመ ደግሞ ልጁ ራሱ ቀለም ይቀባው። እንዲያውም እንዲህ የመጣ መጽሐፍ የበለጠ የራሱ ይሆናል።

3. ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ነገር አውጡ

አንድ ብቻ። የታሪኩን እንስሳት ሁሉ ለመሥራት የተነሳ ሰው ግማሹን ሳይጨርስ በዓሉ ይደርስበታል።

መጽሐፉን በድጋሚ እያገላበጣችሁ ልጁ ሊለብሰው፣ ሊይዘው ወይም ሊያንቀሳቅሰው የሚችለውን ነገር ፈልጉ። የዋናውን ገጸ ባሕርይ ጆሮ፣ ጅራት፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ቦርሳ። ሥዕሉ ላይ ያለውን ቀለም በደንብ እዩት። ልጆች ለቀለም ምሕረት የላቸውም። መጽሐፉ ላይ ያለችው ጥንቸል ነጭ ሆና የእናንተ ቡኒ ከሆነች «ይቺ አይደለችም» ይሏችኋል። ትክክል ናቸው።

እዚህ ጅማ ያለን ሰዎች የታደልንበት ነገር አለ። ልጁ በዓይኑ ያየውን እንስሳ መሥራት እንችላለን። ቦዬ ረግረግ ጉማሬ አለ። በከተማው ዙሪያ ባለው ጫካ ጉሬዛ ዛፍ ለዛፍ ይዘላል። የቡና ፍሬ ሲቀላ የማያውቅ የጅማ ልጅ የለም። መጽሐፉ ውስጥ ዝንጀሮ ወይም ዛፍ ካለ ከእነዚህ አንዱን ማስገባት ቀላል ነው።

በዕድሜ ሲታይ እኔ የምሠራው እንደሚከተለው ነው። ገና ለተወለደ ሕፃን ስጦታው በእውነቱ የእናትየው ነው። አራስ ጥየቃ ስሄድ ትንሽ የሹራብ ብርድ ልብስ እወስዳለሁ። የቀለሙ መስመር ከመጽሐፉ ሽፋን የተወሰደ ይሆናል። እናትየው ልጁን አቅፋ፣ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ታነብለታለች። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ ኮፍያ ወይም ወፍራም አሻንጉሊት ይሻላል። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያለው ዕድሜ ለዚህ ሥራ ወርቅ ነው፤ ጆሮ ያለው ኮፍያና የጣት አሻንጉሊት ሥሩላቸው፣ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል።

ከስምንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ግን አሻንጉሊት አትሥሩ፤ ያፍራል። ለእነዚህ የምወደው ሌላ ነገር አለ። ረጅም፣ በምዕራፍ የተከፋፈለ መጽሐፍ ትገዛላችሁ። ከእሱ ጋር ስካርፍ ትጀምሩና አንድ ስንዝር ሠርታችሁ ሳትጨርሱት ከነመርፌው ትሰጣላችሁ። ደንቡ ይህ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ቀለም ቀይሮ አሥር መስመር መሥራት። መጽሐፉ ሲያልቅ ስካርፉም ያልቃል። ለወንድ ልጅም ይሆናል። የጎረቤቴ ልጅ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ እንዲህ አድርጎ ሹራብ ለመደና አሁን ለታናሹ ካልሲ ጀምሮለታል።

ጊዜ ለሌለው ሰው ደግሞ የባርጩማ ልባስ አለ። የጅማ ባርጩማ በሁሉም ቤት አይጠፋም። መቀመጫውን በክር ለኩ፣ ክብ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ዙሪያውን ክር አስገብታችሁ ከሥር ሰብስቡት። «ይሄ የተረት መቀመጫህ ነው» ብላችሁ ከመጽሐፉ ጋር ስጡ። ቀለሙን ከመጽሐፉ ውሰዱ እንጂ ቅርጹ ላይ አትጨነቁ። ኪሮሽ ለምትችል ሰው የሁለት ምሽት ሥራ ነው።

4. ክር ግዙ፣ ወይም ፍቱ

መርካቶም ሆነ ሕርማታ ገበያ ስትሄዱ መጽሐፉን ይዛችሁ ሂዱ። ቀለሙን ከሥዕሉ ጋር እያስተያያችሁ ምረጡ። የሱቅ መብራት ቀለም ይለውጣል፤ ክሩን ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት። የሚያስፈልጋችሁንም በአንዴ ግዙ። አንድ ዓይነት ቀለም የሚመስሉ ሁለት ጥቅሎች የተነከሩበት ጊዜ ከተለያየ ሲሠሩ ይለያያሉ፤ ኮፍያው ወገቡ ላይ መስመር ያወጣል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለልጅ ጥሩ ነው። ቶሎ ይታጠባል፣ ብል አይበላውም፣ ዋጋውም ይሻላል። አንድ ክፉ ጸባይ አለው፤ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቡና ሲፈላ ከሰሉ አጠገብ ለሚድሁ ልጆች ስትሰጡ ይሄን ለእናትየው ንገሯት። እውነተኛ የበግ ፀጉር ይሞቃል፣ በእሳትም አይቀልጥም። ነገር ግን በሙቅ ውኃ ከታሸ ይኮማተራል።

ገንዘብ ካጠረ ከልባሽ ተራ አሮጌ ሹራብ ግዙና ፍቱት። እኔ ከምሠራው ግማሹ እንዲህ የተገኘ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሹራቡን ገልብጡና የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ በማሽን ተቆርጦ በብዙ ክር ከተዘመዘመ ተዉት። ያ ሹራብ እንደ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ስትፈቱት በየመስመሩ የተቆረጠ አጭር ክር ነው የምታገኙት። ጠርዙ ሳይቆረጥ፣ በአንድ ክር ጎን ለጎን የተያያዘ ከሆነ ግን ግዙት።

አፈታቱ እንዲህ ነው። የስፌቱን ክር በትንሽ መቀስ በጥንቃቄ ቆርጣችሁ እጅጌውን፣ ፊቱንና ጀርባውን ለያዩ። ከላይ፣ ከአንገቱ በኩል፣ ጫፉን ፈልጉና ሳቡ። ክሩ እንደ ከርዳዳ ፀጉር ተጠቅልሎ ይወጣል። እሱን በወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሙት። ካለቀ በኋላ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ዘፍዝፉት፣ ሳትጨምቁ አውጡት፣ ከታች አንድ ኩባያ ወይም ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁ ስቀሉት። ሲደርቅ ጥቅልሉ ተዘርግቶ ቀጥ ያለ ክር ይሆናል። በሐምሌ ይሄ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ አትቸኩሉ።

መርፌ ካጣችሁ ከቀርከሃ ይሠራል። እንደ እርሳስ ረዘም ያለ፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት እንጨት ጥረቡ፣ አንድ አንድ ጫፉን አሹሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንሸራትት ድረስ አለስልሱ። ክር የሚይዝ ሸካራ ቦታ እንዳይቀርበት ጉንጫችሁ ላይ አሸት አድርጋችሁ ሞክሩት።

5. ጆሮ ያለውን ኮፍያ ሥሩ

ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። ኮፍያው በእውነቱ አንድ ረጅም ቁራጭ ብቻ ነው። ቁራጩ ታጥፎ ሲሰፋ ሁለቱ ማዕዘኖች በራሳቸው ጆሮ ይሆናሉ። መቀነስ የለም፣ መጨመር የለም።

መጀመሪያ ጭንቅላቱን ለኩ። ከቅንድብ ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ፣ በክር አዙራችሁ ክሩን በሜትር ለኩት። ልጁን በድብቅ መለካት ካልቻላችሁ የሚከተለው ግምት ይረዳል። በስድስት ወር 43 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ በአንድ ዓመት 46፣ በሁለት ዓመት 48፣ በአምስት ዓመት 51፣ በአሥር ዓመት 53። ሹራብ ስለሚለጠጥ ኮፍያው ከጭንቅላቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ማነስ አለበት። አለበለዚያ ዓይኑ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ መሞከሪያ ሥሩ። በመርፌው ላይ የሚሰለፈውን እያንዳንዱን ቀለበት እኛ ቤት ዓይን ነው የምንለው። 25 ዓይን ጀምሩና አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ሥሩ። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጣችሁ በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ። ሰው ሁሉ የእጁ ጥብቀት ይለያያል። የእኔ 20 ዓይን ከሆነ የእናንተ 17 ሊሆን ይችላል። ይሄን ያልቆጠረ ሰው የአምስት ዓመት ልጅ ኮፍያ ብሎ የአባትየውን ሠርቶ ይነሳል።

አሁን ሒሳቡ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው እንበል፤ ጭንቅላቱ 51 ነው። 5 ስንቀንስ 46 ይመጣል። ኮፍያው ፊትና ጀርባ ስላለው ለሁለት ስናካፍለው የቁራጩ ስፋት 23 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በአሥር ሳንቲ ሜትር 20 ዓይን ከሆነ በአንድ ሳንቲ ሜትር 2 ዓይን ነው። 23 ጊዜ 2፣ 46 ዓይን። አበቃ።

46 ዓይን ላላ አድርጋችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያው መስመር ከጠበቀ የኮፍያው አፍ ግንባሩን ይቆነጥጠዋል። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር በቀጥታው አሠራር፣ ማለትም ክሩን ከመርፌው በስተኋላ ይዛችሁ፣ ብቻ ሥሩ፤ ክሩ ከፊት የሚያዝበትን ግልብጡን መቀላቀል አያስፈልግም። በሁለቱም በኩል ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ የማይጠቀለል፣ የሚለጠጥ ሹራብ ይወጣችኋል። ርዝመቱ 42 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ዓይኑን ላላ አድርጋችሁ ዝጉ። 100 ግራም ክር ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ቁራጩን ከመሃል እጠፉት፤ የጀመራችሁበትና የዘጋችሁበት ጠርዝ ይገናኙ። ሁለቱን ጎኖች ስፉ። የተከፈተው በኩል አፉ ነው። ከላይ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ጆሮ ናቸው።

ጆሮው ላይ ትንሽ ጊዜ ስጡ፤ እንስሳው የሚታወቀው በእሱ ነው። ለቀበሮና ለድመት ጆሮው ሹል ይሁን። ከማዕዘኑ ጫፍ ወደ ታች 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆጥራችሁ በሰያፍ በክር ስፉት፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለአንበሳና ለእኛ አገር ዥንጉርጉር ጅብ ግን ጆሮው ክብ ነው። ማዕዘኑን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዙና ሥሩን በክር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በሁለት ስፌት ያዙት። ክብ ይሆናል። የመጀመሪያውን የጅብ ኮፍያ ስሠራ ጆሮውን ሹል አድርጌ ነበር። የእህቴ ልጅ ሥዕሉን አሳየኝና ፈትቼ ደግሜ ሠራሁት።

በአጠቃላይ የሦስትና የአራት ምሽት ሥራ ነው። በዓሉ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ለኢድ ከሆነ ቀኑ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚመጣ አትርሱ፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዛችሁ አትቁጠሩ።

6. ጉሬዛውን በጣት

የጣት አሻንጉሊት ከኮፍያውም ይቀላል። በጥቁር ክር 14 ዓይን ጀምሩ፣ 7 ሳንቲ ሜትር ሥሩ፣ ዓይኖቹን ሳትዘጉ ክሩን በሁሉም ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡት። ጫፉ እንደ ከረጢት አፍ ይሰበሰባል። ጎኑን ስፉ። ጣት የሚገባበት ትንሽ ጓንት ሆነ። በነጭ ክር ፊቱን ክብብ አድርጋችሁ ጥለፉ። ከትከሻው እስከ ወገቡ በሁለቱም ጎን ነጭ ፀጉሩን አውርዱ፤ ጉሬዛ ነጭ ካባ የደረበ ነው የሚመስለው። ለጅራቱ ቀጭን ጥቁር ገመድ ሥሩና ጫፉ ላይ ነጭ ክር ሰብስባችሁ እሰሩ።

ይሄን ስትሰጡ ለልጆቹ ሁለት ነገር ንገሯቸው። ጉሬዛ የሚለው ስም ከአማርኛ ወደ ሳይንስ መዝገብ ገብቷል። በ1835 እ.ኤ.አ. ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ለእንስሳው የሳይንስ ስም ሲሰጠው ጉሬዛ የሚለውን ይዞ ነው የጻፈው። ሁለተኛው ደግሞ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለችው ትንሽ ጉብታ ናት። ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ሁሉ አውራ ጣታቸውን ወደ መዳፋቸው አጥፈው መጽሐፉን በአራት ጣት ለማንሳት መታገል ጀመሩ። ገጽ ለመግለጥ ሲሞክሩ የነበረው ጩኸት እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ከዚያ አንዷ «ታዲያ ዛፍ ላይ እንዴት ይይዛል?» አለች። መልሱን ጣቷን አጥፋ ራሷ አገኘችው፤ አራቱን ጣት እንደ መንጠቆ አድርጋ የበሩን እጀታ ያዘች።

የቡና ፍሬ ዕልባትም እንዲሁ ፈጣን ነው። 25 ሳንቲ ሜትር አረንጓዴ ገመድ በኪሮሽ ሥሩ። ጫፉ ላይ ሦስት ትንንሽ ኳስ ስቀሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ። ከሰባት ዓመት በላይ ላለ አንባቢ ነው። መጽሐፉን ሲጀምር አረንጓዴዋ ፍሬ፣ ሲጨርስ ደግሞ ቀይዋ ወደ ውጭ እንድትታይ ያደርጋል።

7. ከመስጠታችሁ በፊት ፈትሹ

ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የፕላስቲክ ዓይን አትስፉበት። ነቅሎ ይውጠዋል። ዓይንና አፍንጫውን በክር ጥለፉ። ለእነዚህ ልጆች ሲሆን የጉሬዛውን የጅራት ጫፍም አትጨምሩ። ኮፍያ ላይ አገጭ ሥር የሚታሰር ረጅም ገመድ አታድርጉ። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ሲተኛ ኮፍያው ይውለቅ፣ ብርድ ልብሱም ከፊቱ ይራቅ። ይሄን ለእናትየው በቃል ንገሯት፤ ከስጦታው ጋር አብሮ የሚሰጥ ነገር ነው።

ለሕፃን ካልሲ ወይም ጓንት ከሠራችሁ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። የተረፈ ክር ካለ የሕፃኑ ትንሽ ጣት ላይ ሊጠመጠምና ደም ሊያቆም ይችላል። ጫፉን ሹራቡ ውስጥ ቀብራችሁ ቁረጡት።

ከዚያ እጠቡት። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ። ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ውኃውን አስመጥጡና ጠፍጣፋ ቦታ ዘርጉት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ ይረዝማል። በዓሉ ቢደርስባችሁም ከሰል ምድጃ ላይ አታድርቁት። በተለይ አንድ ነገር አደራ፤ ጨርሶ ሳይደርቅ ከመጽሐፉ ጋር አትጠቅልሉት። የጅማ ክረምት እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው፣ ገጹ ሻግቶ ይጠብቃችኋል።

8. አንድ ላይ ጠቅልሉ

የስጦታ ወረቀት መግዛት አያስፈልግም። ስካርፍ ወይም ብርድ ልብስ ከሆነ መጽሐፉን በእሱ ጠቅልሉት። ኮፍያ ከሆነ ግን ለብቻው ይቀመጥ፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው እነግራችኋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ዝናብ እንዳይገባበት በፌስታል ያዙት፣ ሲደርሱ ፌስታሉን አውጡት።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የልጁን ስም፣ ቀኑንና ማን እንደሠራለት ጻፉ። አጭር ይሁን። ክሩ ከየት እንደመጣ ብትጽፉም ደስ ይላል። የእናትየው አሮጌ ሹራብ ተፈትቶ ከሆነ ይሄን ልጁ ሲያድግ ያነበዋል።

9. ስትሰጡ አብራችሁ አንብቡ

ሰጥታችሁ አትሂዱ። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለ። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ተረት ተረት!» በሉ። «የላም በረት!» ካለ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ኮፍያውን ወይም አሻንጉሊቱን አታሳዩት። ከኋላችሁ ደብቁት። ጅቡ መጽሐፉ ውስጥ እስኪመጣ ጠብቁ። ሲመጣ ንባቡን አቁሙና ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ ምንም ሳትናገሩ ጭንቅላቱ ላይ አድርጉለት። ያን ጊዜ ፊቱን እዩት። እኔ ሹራብ የምሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው።

ከዚያ ንባቡን ቀጥሉ። ጅቡ በተናገረ ቁጥር ቆም በሉና ልጁ እንዲናገርለት ጠብቁ። ቃሉን ቢሳሳት አታርሙት። ሲያልቅ «ድገሙልኝ» ካለ ድገሙለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ግን መጽሐፉን እሱ ይያዘው፣ ኮፍያውን ለእናንተ ያውስ። ጭንቅላታችሁ ላይ ባይገባም ከላይ ጣል አድርጉት። አሁን ጅቡ እናንተ ናችሁ፤ ተራኪው እሱ ነው።